ለሚመጡት የተከደነ ውኃ

ጥር 9

ለመሐንዲሱ ባለቤቴ፣

ሰላምታዬ ከነይቅርታው ይድረስህ። ደብዳቤዎችህ ተደራርበው አንዱንም ሳልመልስ መቅረቴ ያሳፍራል። ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሴ አዎ ነው፤ እየበላሁ ነው። ለሁለተኛውም አዎ፤ ሹራቡ ደርሶኛል። እዚህ ቆላ ድረስ ሹራብ የሚልክ ባል ያላት ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። መድኃኒት የምታድለው ልጅ ስትስቅብህ ዋለች። እኔም ትንሽ አገዝኳት።

በሦስተኛው ደብዳቤህ «ሥራው እንዴት ነው?» ብለህ በአንድ መስመር ጠይቀሃል። በአንድ መስመር የሚመለስ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አልቆይም ነበር።

የበጎ አድራጎት ማኅበራችን የሠራው ጤና ጣቢያ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ አክማለሁ፣ በአንዱ እተኛለሁ። መሃል ያለው በር ስለማይዘጋ አልጋዬን ሳላነጥፍ የወጣሁበትን ቀን ታማሚዎቼ ሁሉ ያውቁታል። ከደጅ ጄሪካን ተሰልፏል፤ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ የተወተፈው። ሰዎቹ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ተራ የሚይዝላቸው ጄሪካኑ ነው። ድርቅ ከየቀያቸው ያፈናቀላቸው ናቸው፤ እኔ ስመጣ ከነበሩት አሁን እጥፍ ሆነዋል። ውኃ የሚያመጣልንን የቦቴ ሹፌር «ቀስ በቀስ» ይሉታል። ለምን እንደሆነ ከኋላው የነዳ ሁሉ ያውቃል። እሱ የመጣ ዕለት ሰው ይጠጣል። እሱ የቀረ ዕለት ሰው እኔ ጋ ይመጣል።

ከጤና ጣቢያው ጀርባ ደግሞ ያንተ ጉድጓድ አለ። አንተ ያስቆፈርከው፣ አንተው የከደንከው። ብረቱ ላይ «ለሚመጡት የተቀመጠ» ብለህ በብየዳ ያስጻፍከው ጽሑፍ እንዳለ ነው። ልጆች ላዩ ላይ ይጫወታሉ። «እማማ ዝም» የሚባሉ አሮጊት አሉ። ስሙን ያወጣላቸው ሰው ቀልደኛ ነው፤ ዝም ብለው አያውቁም። ባለፈው ክዳኑን በበትራቸው መታ መታ አደረጉና፣

«ልጄ፣ እዚህ ሥር ምንድን ነው ያለው?» አሉኝ።

«ውኃ ነው፣ እማማ።»

«የማን?»

«ለሚመጡት ሰዎች የተቀመጠ ነው።»

ትንሽ አሰቡና፣ «እኛስ? መጣን እኮ» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? አንተን ነው የምጠይቀው። ቁልፉ አንተ ጋ ነው። ላክልኝ።

ሚስትህ


ጥር 21

ለሆዴ፣

እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። አዎ፣ ምድጃውን አጥፍቼ ነው ከቤት የምወጣው። አዎ፣ አበቦችሽን አጠጣለሁ፤ አሁን ይህን ስጽፍልሽ ግን አፈርኩ።

ስለ ቁልፉ ጽፌ ቀደድኩ፣ ደግሜ ጽፌ ቀደድኩ። ይኼኛውን ሳልቀደው ልላከው። አልልክልሽም፣ የኔ ዓለም። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ግን ከሰልፍ አጠገብ ሆኖ ማወቅና ከጠረጴዛ ኋላ ሆኖ ማወቅ ስለሚለያይ እንደገና ልንገርሽ።

ያንን ውኃ ዝናብ አይደርስበትም። እዚያ ጥልቀት የገባው ሰው የሚባል ፍጡር ያንን ምድር ሳይረግጥ ነው። የተጠጣው አይተካም። ዛሬ ቆላው ሁሉ የሚጠጣባቸው ምንጮች በያመቱ እያነሱ ነው። እኔና አንቺ መጨረሻቸውን አናይም፤ የዛሬ ሕፃናት የልጅ ልጆች ግን ያዩታል። የዚያን ጊዜ ለዚያ ሁሉ ሰው የሚተርፈው ከክዳኑ ሥር ያለው ብቻ ነው።

ማኅበሩ ለሁለት የተከፈለበትን ስብሰባ ታስታውሻለሽ። ግማሹ፣ «የተጠማ ሰው ፊታችን ቆሞ ስለ ማን ነው የምናወራው?» አለ። እኔ ተነሥቼ፣ «ዕድሜያችንን እሳት ስናጠፋ ኖርን። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ካለነው ይበዛሉ፤ አፍ ግን የላቸውም። እነሱ ሰልፍ አይወጡም፣ በራችንን አያንኳኩም። ማን ይናገርላቸው?» አልኩ። አንቺ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነሽ አጨበጨብሽልኝ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ?

በሁለተኛው ደብዳቤሽ «እናትህ እዚያ ሰልፍ ላይ ብትሆን ትከፍት ነበር?» ላልሽኝ፣ አዎ፣ እከፍት ነበር። ቁልፉ ከሰልፉ ርቆ ከተማ የተቀመጠው ለዚሁ ነው።

የማኅበሩን ሊቀመንበር ለምኜ ሁለተኛ ቦቴ አስፈቅጄላችኋለሁ። አዲስ መኪና ነው፣ ሹፌሩም ፈጣን ነው። ተቆጥተሻል? ጻፊልኝ። ተቆጥተሽ ከሆነም ጻፊልኝ።

ያንቺው


የካቲት 6

ለመሐንዲሱ፣

አልተቆጣሁም። አለመቆጣቴን ለማረጋገጥ ስትል ደግሞ ሌላ ደብዳቤ መጻፍህ ግን አሳቀኝ።

ሁለተኛው ቦቴ መጣ፤ ተባረክ። ሳምንት እንደሠራ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ጎማው ሰጠመና የጎማው ዘንግ ተሰበረ። እስካሁን እዚያው ቆሟል። ቀስ በቀስ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ጥሩምባ ይነፋለታል። «ፈጣኑ ቀድሞኝ ነበር፤ አሁን እኔ እየሄድኩ ነው፣ እሱ የለም» ይላል። ሰው ጠምቶትም ይስቃል፤ ይህን እዚህ ነው ያየሁት።

አንተ ከተረትክ እኔም ልተርት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አውቃለሁ፣ ይህ ላንተ ግፍ ነው፤ ያንተ ላም እውነተኛ ናት። ግን አንድ ነገር ልበልህና ካስከፋህ ቅደደው። ስለሚመጡት ሰዎች ማሰብ የጀመርከው ልጅ እንደማይኖረን ሐኪሙ በነገረን ዓመት ነው። ያኔ ምንም አላልኩህም። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ሐዘንህ መሄጃ አገኘ ብዬ። ያጨበጨብኩትም ለዚያ ሳይሆን አይቀርም። አሁን ግን እኔ የማቅፋቸው ልጆች ክብደት አላቸው። ላባቸው ይሸታል። ጣቴን ይጨብጣሉ። ያንተዎቹ ጣት የላቸውም። ለየትኞቹ ላድላ?

ጽሑፌ ለምን እንደተንቀጠቀጠ ጠይቀሃል። ጠረጴዛው ስለሚነቃነቅ ነው።

በተቅማጥ ታመው ስላስተኛኋቸው መንትያ ሕፃናት ለጠየቅኸኝ፣ ስለ አንደኛዋ ብቻ ልመልስልህ። እሷ ደህና ናት።

ሚስትህ


የካቲት 15

ሆዴ፣

ሹፌራችሁ ቀስ በቀስ ከተማ መጥቶ ነገረኝ። ለማንም እንዳይናገር አስምለሽው እንደነበር ጭምር።

ቢሮዬ በር ላይ ኮፍያውን ይዞ ቆመና፣ «ጋሼ፣ ቃል ስለገባሁ ምንም አልነግርዎትም። ግን እርስዎን ብሆን ዛሬውኑ አንድ ነገር አደርግ ነበር» አለኝ።

«ምን ሆና ነው?»

«እኔ አልተናገርኩም።»

«ወድቃ ነው?»

ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ።

«ውኃዋን ለሰው እየሰጠች ነው?»

«ጋሼ፣ ይኼን የተናገሩት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አይደለሁም» አለና እንባው መጣ።

ኩላሊትሽ እንደሆነና ግሉኮስ ላይ እንደሆንሽ ቀስ ብዬ አወጣጣሁት። ጠረጴዛው ይነቃነቃል አልሽኝ። ሃያ ዓመት አብሬሽ ኖሬ ጠረጴዛውን አመንኩት።

ቁልፉን ሰጥቼዋለሁ። ከፓምፕ ሠራተኛው ጋር ነው የሚመጣው። የማኅበሩን ቦርድ አላስፈቀድኩም፤ ለሊቀመንበሯ ወረቀት ጥዬላታለሁ።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልጻፍልሽ። ያ ሁሉ ሰው ውኃ ሲለምነኝ ስለ ትውልድ ጻፍኩ። አንዲት ሴት ወደቀች ሲሉኝ መሳቢያ ገልብጬ ቁልፍ ፈለግኩ። በሂሳቡ የተለወጠ ነገር የለም፤ ውኃው ያው ነው፣ የሚመጡትም እነዚያው ናቸው። እነዚያ ከጄሪካናቸው ጋር የሚውሉት ሰዎች ካንቺ ያነሱት በምንድን ነው? የሚያውቃቸው መሐንዲስ ስለሌላቸው ብቻ። ላፍር ይገባኛል ወይ? እውነቱን ንገሪኝ። ራሴ ያልመጣሁትም ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። የመንትዮቹን እናት ፊት ማየት ፈርቼ ነው።

ሲከፈት መጀመሪያ አንቺ ጠጪ። ይኼንንም ማለት አልነበረብኝም። ጠጪ ግን።

ያንቺው


መጋቢት 2

ለባለቤቴ፣

ተነሥቻለሁ። መጀመሪያ ይቅርታ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ኩላሊቴ ፈጀው። ቀስ በቀስን አልተቀየምኩትም። መሐላውን እንዴት እንዳላፈረሰ ለሰፈሩ ሁሉ እየተረከ ነው፤ በየቀኑ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ አልጠጣሁም። ከእማማ ዝም ቀጥዬ ነው የጠጣሁት፤ አትቆጣ።

እንዴት እንደነበር ሁሉንም እንድነግርህ ለምነሃል። ፓምፕ ሠራተኛው ጀነሬተሩን ሲያስነሳው መጀመሪያ ቧንቧው አየር ብቻ አስነጠሰ። ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ነገር ተፋ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ጠራ። እልል የሚሉ መስሎኝ ነበር። ጄሪካን ብቻ ነው የሚሰማው፤ ባዶው ሲሞላ ድምፁ እየወፈረ የሚሄደው። እማማ ዝም በእፍኛቸው ተቀብለው ጠጡና እውነትም ዝም አሉ። ኋላ ላይ፣ «ሞቅ ይላል። ገና ከእንቅልፉ መነሣቱ ነው» አሉ።

ላፍር ይገባኛል ወይ ላልከኝ፣ ትንሽ እፈር። ብዙ አትፈር። ሰው የሚያውቀውን ያስቀድማል። እኔም በሩ ላይ ከቆሙት መካከል ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ስሙን በማውቀው ላይ ነው፤ አንዳንድ ቀን የባሰበት ከጀርባው ቆሞ ሳለ። ነውር ከሆነ የሁላችንም ነው። እኔ ደግሞ ስታስቀድመኝ ደስ አለኝ። ይኼም ነውር ነው፤ ይኸው ጻፍኩት።

አሁን አንተም አትዋሸኝ። ባለፈው ስለ ጎረቤታችን ድመት ሙሉ ገጽ ጽፈህልኛል። አንተ ድመት አትወድም። ቦርዱ ምን አለህ?

ሚስትህ


መጋቢት 14

ለሆዴ፣

እሺ፣ ድመቷን ልተዋትና ልንገርሽ።

ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም ተቀምጠው ጠበቁኝ። ስለ ተፈናቃዮቹ፣ ስለ ተቅማጡ፣ ስለ ተሰበረው ቦቴ ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር። ሊቀመንበሯ ወረቀቱን እንኳ እንዳወጣ አልፈቀደችልኝም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረን። ለማን ብለህ ነው የከፈትከው?» አለችኝ።

ወረቀቴን አየሁት። «ለሚስቴ» አልኳት።

በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት አባል መነጽራቸውን አውልቀው ሲያጸዱ ቆዩ።

«እኔም ብሆን አደርገው ነበር» አለች ሊቀመንበሯ። «ለዚህ ነው አንተ ያን ወንበር መልቀቅ ያለብህ። ቁልፉ ዘመድ እዚያ የሌለው ሰው እጅ ይቀመጥ ያልከን አንተ ነህ።»

ትክክል ናት። ከዕቅድ ክፍል ተነሥቻለሁ። አሁን መጋዘኑ አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ቧንቧና ብሎን እረከባለሁ፣ አስረክባለሁ። መስኮት አላት፤ አትዘኚልኝ። ስብሰባው አልቆ ደረጃው ላይ ሊቀመንበሯ እጄን ያዘችኝ። «ከመካከላችን ላልተወለዱት የሚጨነቅ አንተ ብቻ ነበርክ። አሁን ማን ይናገርላቸው?» አለችኝ።

ሕፃናቱን ስንት ጊዜ እንደማስባቸው ጠይቀሽኛል። ያንቺዎቹን ማለትሽ ከሆነ፣ ሁልጊዜ። የኔዎቹንም ማለትሽ ከሆነ፣ ሁልጊዜ። አንዳንዴ ይቀላቀሉብኛል። ስለ ሐኪሙና ስለዚያ ዓመት ያልሽውን አልቀደድኩትም። እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን እነሱን ውሸት አያደርጋቸውም፤ አይደለም?

ቦርዱ ዝናብ እስኪጥል ክፍት ይቆይ ብሏል። ከዚያ ይዘጋ። ማን ይዝጋው ሲባል ግን ሁሉም ተያየ። ለሚጠጣ ሰው በቃህ የሚል ማን ነው?

ያንቺው


ሚያዝያ 25

ለባለቤቴ፣

ዘገየሁ፤ ይቅርታ። «ማን ይዝጋው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እየፈለግን ነበር። ብዙ ጭቅጭቅ ፈጀ።

ውኃው ከተከፈተ ወዲህ ሰፈሩ ሌላ ሆነ። ልጆች ፊታቸውን ይታጠባሉ። በተቅማጥ የሚመጣብኝ ሰው አንድ ሁለት ቢሆን ነው። ከዚያ ከብት መጣ፤ ከየት እንደሰማ እንጃ፣ በመንጋ በመንጋ። ከዚያ ሽንኩርት ተተከለ። ከዚያ አንድ ነጋዴ ቦቴ አስከትሎ መጣና ይሞላ ጀመር።

«ምን ልታደርገው ነው?» አልኩት።

«ከተማ እሸጠዋለሁ። የማንም አይደለም አሉኝ እኮ።»

እዚያው ቆሜ ያንተ ድምፅ ከአፌ ወጣ። «ባለቤት አለው፤ ገና አልተወለደም» አልኩት። አብዳለች ብሎ ወደ ቦቴው ተመለሰ። ጎማው ፊት ተቀመጥኩበት። እማማ ዝም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ሲያወሩለት ዋሉ። ምርር ብሎት ሄደ፤ እኔን ፈርቶ አይመስለኝም።

በዚያው ሳምንት ከተፈናቃዮቹ አንዱ የሆነው የአናጺው ሚስት ወለደች። ሴት ናት። በዚያው ውኃ አጠብኳት። ክንዴ ላይ ይዣት ሳለ፣ ፍሰቱ እንዲህ ከቀጠለ ይህች ልጅ አያት ሳትሆን ያልቃል ብዬ አሰብኩ። አንገትጌዬን በጣቶቿ ጨምድዳ ይዛኛለች። ያንተ ሰዎች ለካ ሩቅ አይደሉም፤ ከእጄ ላይ ነው የሚጀምሩት። ጣት የላቸውም ብዬህ ነበር። ይቅርታ።

ሰዎቹን ጥላ ሥር ሰብስቤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውኃው እንደማይተካ፣ ለማን እንደተቀመጠ፣ ለምን ዝናብ ሲጥል መዘጋት እንዳለበት። አንድ ሰው ተነሣ። የመንትዮቹ አባት ነው።

«እህቴ» አለኝ፤ አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ ስትሞት ተዘግቶ ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ ተከፈተ። አሁን ዝጉ ትዪናለሽ። የኔ ልጅ ገና ላልተወለደ ሰው ብላ ለምን ትሞታለች?»

«አላውቅም። ይቅር በለን» አልኩት። ማኅበሩን ወክዬ ይሁን፣ አንተን ወክዬ ይሁን፣ ራሴን ይሁን አላውቅም። ሚስቱ የቀረችውን ልጅ አቅፋ መሬት መሬት ታያለች።

ከዚያ ራሱ ነው የተናገረው። «ይህቺኛዋ ታድጋለች» አለ፣ ወደ ልጁ እያመለከተ። «እሷ ስትወልድ ምን ትጠጣለች? ይዘጋ። ቁልፉ ግን ከተማ አይሄድም። የሚጠማውም የሚወልደውም እዚህ ነው።»

«ማን ይያዘው?» አሉ።

ሁለት ቀን ተከራከሩ። በመጨረሻ አናጺው ክዳኑ ላይ ሦስት የብረት ቀለበት እንዲገጥም፣ በየቀለበቱ የተለያየ ቁልፍ እንዲንጠለጠል ተስማሙ፤ ማንም ብቻውን እንዳይከፍት፣ ሦስቱ ሲስማሙ ብቻ እንዲከፈት። አንዱን እማማ ዝም ያዙ። አንዱን የአናጺው ሚስት። አንዱን የመንትዮቹ አባት።

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ጣለ። ከሰፈሩ ሥር ያለው ደረቅ ኩሬ ሞላ። ዘጉት። የመንትዮቹ አባት መጨረሻ ቆለፈና ክዳኑ ላይ ብዙ ሰዓት ተቀመጠ፤ ማንም ተነሣ አላለውም።

አንተንም ቦርዱንም ሳልጠይቅ ነው እሺ ያልኳቸው። አሁን ተራዬ ነው፤ ተቆጥተሃል?

ሚስትህ


ግንቦት 12

ለሆዴ፣

አልተቆጣሁም። ደብዳቤሽን መጋዘን ውስጥ፣ ቧንቧ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። የመንትዮቹ አባት የተናገረውን ሳነብ ብድግ አልኩ። ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ማንም አልገባም ነበር።

ለሊቀመንበሯ አነበብኩላት። አዳመጠችና፣ «በሚቀጥለው ድርቅ ይከፍቱታል» አለችኝ።

«ይከፍቱታል» አልኳት።

«በከፈቱት ቁጥር ይቀንሳል።»

«ይቀንሳል።»

«እና?»

«እና ይዘጉታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።»

ራሷን ነቀነቀች። አላመነችም፤ እምቢም አላለች። ቦርዱ ዘንድ ግን ቁልፎቹ እዚያው ይቆዩ ብላ የተከራከረችው እሷ ናት።

ስለ ራሴ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛልና ልንገርሽ። ከማኅበሩ አንድ ነገር ለመንኩ፤ ፈቀዱልኝ። ከሰፈሩ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ተንደርድሮ ያልፋል፤ በሳምንቱ አፈሩ አቧራ ነው። በየሸለቆው የድንጋይ ክትር ቢሠራ ጎርፉ ይዘገያል፣ መሬት ይገባል። ድንጋይ የሚሸከመው ሰው እህል ይሰፈርለታል፤ ይህ ለዛሬ ሰው ነው። በየዓመቱ ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶች ውስጥ ጥቂት ጥቂት ውኃ ይጠራቀማል። በደንብ የሚጠራቀመው ግን እኔ ካረጀሁ፣ ምናልባትም ከሞትኩ በኋላ ነው። ያንን ጥልቁን ውኃ አይተካውም። የዚያን አባት ጥያቄም አይመልስለትም። ብቻ ክዳኑ የሚከፈትበትን ቀን ያዘገየዋል።

እሱን ላገኘው እፈልጋለሁ። ምን እንደምለው አላውቅም። ምን ልበለው?

አልጋሽ ጠባብ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እኔም አላንኮራፋም ብዬ አልዋሽሽም። ልምጣ?

ያንቺው


ግንቦት 20

ና።

አልጋው ጠባብ ነው፤ እኛም ከስተናል። ጠንካራ ጫማ አምጣ፤ ኮረብታው ድንጋይ በድንጋይ ነው። ሹራብ አታምጣ። ከቀስ በቀስ ጋር የምትመጣ ከሆነ ቀደም ብለህ ተነሣ።

የመንትዮቹ አባት ክትሩን ከየትኛው ሸለቆ እንደምትጀምር ጠይቆኛል። ምን እንደምትለው አትጨነቅ። አንድ ድንጋይ ለሁለት ስትሸከሙ የሚመጣው ይመጣል፤ ካልመጣም ድንጋዩን አድርሳችሁ ትመለሳላችሁ።

ሌላውን ጥያቄህን ሁሉ አልመልስም። ከእንግዲህ በአፍህ ጠይቀኝ።